ዘፋኙ ይጾማል፣ ሰሚው ይጠጣል

በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ፍቅረኛው ጥላው የሄደች ሰው ምን ይበላል? ምንም። ስንት ሰዓት ይተኛል? አይተኛም። ገበታ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይዘጋል፣ አልጋው ላይ ወጥቶ ጣሪያ ሲቆጥር ያነጋል፣ ልብሱ ይሰፋዋል፣ ጎረቤት «ምን ነካው?» ይላል፣ ሐኪም ዘንድ ቢወስዱት በሽታው አይገኝም፣ ጠበል ቢያስጠምቁት አይለቀውም። በሳክስፎን ተጀምሮ በሳክስፎን የሚያልቅ የድሮ ዘፈን እስቲ አንዱን አንሱና ስሙ። ከነዚህ ምልክቶች አንዱን ካጣችሁበት ወይ ዘፈኑ ስለ አገር ነው፣ ወይ ስለ ሠርግ ነው።

እኛ እዚህ የምንጽፍ ልጆች ስንሰባሰብ ይቺን ነገር አንስተን ሳንከራከር የተለያየንበት ቀን ትንሽ ነው። ግማሾቻችን «ዘፈን ዘፈን ነው፤ ማን ዘፈን ሰምቶ ሞተ?» እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ «ታዲያ ማዘንን ማን አስተማረን?» እንላለን። አባቶቻችን ስለ ፍቅር ቁጭ አድርገው አልነገሩንም። ትምህርት ቤትም አልተማርነውም። የነገረን ጥላሁን ነው፣ የነገረን ማህሙድ ነው፣ የነገረችን ብዙነሽ ናት። የነገሩን ደግሞ ስንከዳ አለመብላትን፣ አለመተኛትንና መጠበቅን ነው። ስለዚህ ለዛሬ ክርክሩን ትተን ታሪኩን እንከተል። ይህ የማዘን ዘዴ ከየት መጣ? ማንስ አጸናው?

ከቋንቋው እንጀምር። ጉንፋን ያዘኝ፣ ወባ ያዘኝ፣ ፍቅር ያዘኝ። ግሡ አንድ ነው። አማርኛ ፍቅርን ሰው የሚያደርገው ነገር ሳይሆን ሰው ላይ የሚወርድ ነገር አድርጎ ያየዋል። ሲብስ ደግሞ ስሙ «ልክፍት» ነው፤ ዛርና ጋኔን የሚጠሩበት ስም። ደብተራው መስተፋቅር ይጽፋል፣ ይደግማል፣ በመጠጥ ይሰጣል ይባላል። የተለከፈም ሰው ራሱን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፤ «ምን አስነካችኝ?» ብሎ ጥፋቱን ወደዚያች ማዞር ነው። (ይቺን ዘዴ ስንቶቻችን በዚህ ዘመንም እንደምንጠቀምባት እንተወው።) ልክፍት ከሆነ መድኃኒቱ ያለው ለካፊው እጅ ነው። በሽተኛው ያለው ሥራ መታመም ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ምንጭ የገዳም ነው፤ ይሄ የኛ ግምት ነው፣ የማይስማማ ይከራከረን። በዚህ አገር ለዘመናት ትልቁ የክብር ምልክት መራብ ነበር። ባሕታዊው በረሃ ይወርዳል፣ ጥሬ ይቆረጥማል፣ ዳባ ይለብሳል፤ ሕዝቡም ይሰግድለታል። ስለዚህ አፍቃሪው ፍቅሩ የምር መሆኑን ማስመስከር ሲፈልግ የባሕታዊውን ልብስ ተዋሰ። አልበላም፣ አልተኛም፣ በረሃ እገባለሁ፣ እመንናለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሄ ነገር እስከ ጫፉ ተወስዷል። ሰብለወንጌል በዛብህ ሲሞት አላበደችም፣ ሌላም አላገባችም፤ መንኩሳ መቃብሩ አጠገብ ተቀመጠች። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ስንት ቤተሰብ ዙሪያውን ተቀምጦ እንዳለቀሰ የሚነግሩን እናቶቻችን ናቸው። ሲነግሩን ደግሞ በሐዘን አይደለም፣ በኩራት ነው።

አሁን ወደ ዘፈን ቤት እንግባ። ከባንድ በፊት ጠጅ ቤት ነበረ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ አዝማሪ ነበረ። የአዝማሪ ነገር ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንረሳው አንድ ባሕርይ አለው፤ አዝማሪ ይመልስላችኋል። የተከዳው ሰውዬ ብርሌውን ይዞ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። እዚህ ላይ ግን አያበቃም። የሰውዬው ለቅሶ ከበዛ አዝማሪው የራሱን ስንኝ ይጨምርበታል። ሞቼልሻለሁ ባይ ከሆነ ከመሞቱ በፊት የጠጁን ሒሳብ እንዲዘጋ ያሳስበዋል። ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ተከጂውም ወዶ ሳይሆን ተገዶ ይስቃል። ሌላው ጠጪ ደግሞ ተነስቶ የራሱን ክዳት ይሰጣል። ቤቱ ገነት ነበር አንልም። የሴት ስም እንደ ጉድ ይነሳበታል፣ ዱላም አይጠፋበትም። ግን ሐዘኑ እዚያ ቤት ሲገባ ብቻውን አይቀመጥም፤ የሚመልስለት ሰው አለ።

ባንዱ ሲመጣ መላሹ ሰው ቀረ።

የሚገርመው የአማርኛ ዘመናዊ የፍቅር ዘፈን ያደገው በወታደር ቤት ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሐገር ፍቅር ቢኖርም፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። እስቲ ነገሩን በዓይናችሁ አምጡት። መለዮ የለበሰ፣ ደመወዝ የሚበላ፣ አለቃ ያለው ሰው ተሰልፎ ቆሞ በአንዲት ሴት ምክንያት እንደሚሞት እያለቀሰ ይናገራል፤ አለቆቹም ያጨበጭቡለታል። የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው በሚባልበት አገር ወንድ በአደባባይ እንዲያለቅስ የተፈቀደለት ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ ልቅሶ ቤት፣ ሁለተኛው መድረክ። ጥላሁን ገሠሠን ጥላሁን ያደረገው ድምፁ ብቻ አይመስለንም። ለሚሊዮን ወንዶች አልቅሶላቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ተከጂው እምብዛም አይጠጣም። ይጾማል፣ ይከሳል፣ ያብዳል፤ መጠጥ ግን አልፎ አልፎ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ አይደለም። በከተማችን ካፌና ታክሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሰማነውን ኬኒ ሮጀርስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ሉሲል» አብዛኛው ታሪኩ የሚካሄደው መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ባሏን ጥላ የመጣች ሴት እየጠጣች ነው፣ ባልየው አራት የተራቡ ልጆችና ያልተሰበሰበ አዝመራ ጥላበት መሄዷን ሊነግራት ይመጣል። ከሱ በፊት የነበረው የአሜሪካ ካንትሪ ጌታ ሃንክ ዊሊያምስ ደግሞ ስለ ልብ ስብራት ሲዘፍን፣ ሲጠጣም ኖሮ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1953 በ29 ዓመቱ መኪና ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የእንግሊዟ ኤሚ ዋይንሃውስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከመለያየት የተወለደ አልበም አወጣች፤ በዚያው አልበም ውስጥ ከሱስ መታከሚያ አልገባም ብላ ዘፈነች፣ በ2011 በ27 ዓመቷ አልኮል ገደላት። እዚያ የሚጠጣው ዘፋኙ ነው። እኛ ጋ ዘፋኙ ይጾማል፣ የሚጠጣው ሰሚው ነው።

ለምን? መልሱ ግማሹ የመንግሥት ቤት መሆኑ ነው ብለን እናስባለን። መለዮ ለባሽ ሰክሬያለሁ ብሎ በሬዲዮ ሊዘፍን አይችልም። ግማሹ ደግሞ ከላይ ያልነው ነው። ጠጣሁ ማለት መዋረድ ነው፣ ጾምኩ ማለት መክበር። ዘፋኙ የከበረውን ሐዘን ይዞ ይቆማል፣ የተዋረደውን ሐዘን ለጠረጴዛው ይተውለታል። ውቤ በረሃ እና አካባቢው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሞቀው በዚህ የሥራ ክፍፍል ነው። ባንዱ ይጫወታል፣ ሰውዬው ያዝዛል። ዘፈኑ ሲያልቅ ብር ይዞ መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፍና «ይደገም!» ይላል። ይደገማል። ደግሞ ያዝዛል። አዝማሪው «ሒሳብህን ዝጋ» ይለው ነበር። ባንዱ ግን ይደግምለታል።

ከዚያ ሸክላው መጣ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሐገር ፍቅር ተሰጥቶ ሳለ አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ሕጉን ወደ ጎን ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 አለማየሁ እሸቴን አሳተመ። በሩ ተከፈተ፣ አሊ ታንጎን የመሳሰሉ ሌሎችም ተከተሉ። ይህን ዘመን ሁሉም «ወርቃማው» ይለዋል፣ እኛም አንቃወምም። ግን ከሸክላው ወደ ካሴቱ ስንሄድ አንድ ነገር ተለወጠ። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ካሴት ግን ተማሪው ክፍል ገባ፣ ሾፌሩ ጋቢና ገባ፣ ሠራተኛዋ ማድቤት ገባ። አንዱን ዘፈን ከጭንቅላትህ እስኪሰነጠቅ ድረስ ብቻህን ማሽከርከር ተቻለ። ባትሪው እንዳያልቅ ካሴቱን በእስክሪብቶ ወደ ኋላ ማጠንጠን ደግሞ የዚያ ትውልድ ሙያ ነበር። «ይደገም» ለማለት ብርም፣ መድረክም፣ ምስክርም አላስፈለገም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያንኑ ቁስል እየደጋገሙ ማሰብን ከድብርት ጋር የሚያያይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በተፈጥሮው ያደርገዋል፤ ካሴቱ ማሽን ሰጠው።

እዚህ ድረስ በዘፈኑ ላይ ስንፈርድ ቆይተናል። አሁን ግን ፍርዱ የሚከብድበት ቦታ ደረስን።

መስከረም 1967 ንጉሡ ወረዱ። ሰዓት እላፊ መጣ። ዳንስ ቤቶች በር ዘግተው እንግዳውን እስኪነጋ ይዘው ያድሩ ጀመር፤ ሂልተን ዋልያስ ባንድን ሊሰማ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ የሚወጣው ጠዋት ነው። ጠጪው ቃል በቃል ከሐዘኑ ጋር ተቆለፈበት። ይሄ ግን ቀላሉ ነው። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር የገደላቸውን ልጆች እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። አስከሬን አልተሰጣቸውም፣ ድንኳን አልተጣለላቸውም፣ ጥቁር መልበስ አስጠየቀ። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት አለ፣ በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣው አለ፣ ደብዳቤው የቀረ አለ። የዘፈን ግጥም ሳንሱር እያለፈ ነው የሚወጣው። ሳንሱሩ ምን ያሳልፋል? ስለ አብዮቱ የሚዘፍነውንና ስለ ፍቅር የሚያለቅሰውን።

ስለዚህ የሄደው ሰው ሁሉ ፍቅረኛ ሆነ። ልጇ የተገደለባት እናት «የት ሄድክብኝ» የሚል ዘፈን ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ማልቀስ ትችላለች፤ ማንም «ለምን?» አይላትም፤ ዘፈን ነዋ። ልማዱም ቀድሞ ነበረ። ጥላሁን ከታህሳስ 1953 የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሯል፤ «አልቻልኩም» የተባለው ዘፈኑ የፍቅር ሳይሆን የፖለቲካ ተደርጎ እንደተሰማም ደጋግሞ ተጽፏል። ሰሚው በሁለት ጆሮ መስማትን ያኔ ጀምሮታል። በደርግ ጊዜ ግን ሁለተኛው ጆሮ ዋናው ሆነ። የማህሙድ አህመድን ረጅም ትዝታ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ስለ ማን እንደሚያስብ አይጠየቅም ነበር።

ታዲያ ያን ጊዜ «ይሄ ጤነኛ አይደለም፣ ተዉት፣ እርሱት፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» የሚል ማን ደፍሮ ይናገራል? ትዝታ እውነተኛ ሥራ ሠርቷል። ልቅሶ የሌለበት አገር ውስጥ ልቅሶ ቤት ሆኗል። ችግሩ ድንኳኑ ሳይነሳ መቅረቱ ነው። ልቅሶ ሦስተኛ ቀን አለው፣ አርባ አለው፣ ተዝካር አለው። ሐዘንተኛውን ጎረቤት መጥቶ ያበላዋል፣ «በቃ፣ ይበቃሃል» የሚል ሽማግሌ አለ። ትዝታ ሽማግሌ የለውም። ማለቂያው ካሴቱ ሲበጠስ ነው፤ የተበጠሰ ካሴት ደግሞ በፕላስተር ይቀጠላል።

ዓለም ይህን ሐዘናችንን ወደደልን። የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2002 አሥረኛውን ቅጽ ሙሉ ለሙሉ ለትዝታ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚል ፊልም ሠራ። ፊልሙ የሚጀምረው ፍቅረኛው ጥላው ስትሄድ ሶፋው ላይ ከመቀመጥ ሌላ ምንም የማያደርግ አዛውንት ቦዘኔ በማሳየት ነው። ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ሰውዬውም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ መኪናው ውስጥ እየሰማ የድሮ ፍቅረኞቹን በየቤታቸው እየዞረ ይጎበኛል። ጃርሙሽ አማርኛ ይስማ አይስማ እንጃ፤ ሙዚቃው ምን እንደሚያደርግ ግን አውቆታል። ሰውዬው አንድም ቤት የሚረባ ነገር አያገኝም። ከመኪናው ወርዶ ዜማውን ግን አያጠፋውም።

መጠበቅ ለሴትና ለወንድ እኩል አልደረሰም። በሴቷ ዘፈን (ለኛ ጆሮ ቢያንስ) መጠበቅ ማለት ቤት መቀመጥ ነው፤ መስኮት፣ ደጅ፣ የመጣ ሰው ሁሉ እሱ መምሰል። በክራሯ ያንን ሁሉ የምታፌዝበት አስናቀች ወርቁን የመሰለች ሴት ነበረች፣ ግን እንደሷ ያለች ጥቂት ናት። በወንዱ ዘፈን ግን መጠበቅ ይንቀሳቀሳል። ደጇ ላይ ማደር፣ መንገዷ ላይ መቆም፣ እምቢ ስትል እምቢታዋን እንደ ዘፈኑ የመጀመሪያ ስንኝ መቁጠር። «አልለቅሽም» የሚለውን ቃል በፍቅር ድምፅ ስንሰማው አደግን። ከዘፈኑ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ በተራ ድምፅ ለራሳችሁ በሉት እስቲ።

ይህ የዘፈን ብቻ አልነበረም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ የጠለፈ ሰው ጠልፎ ካገባት እንዳይከሰስ መንገድ ይሰጠው ነበር። በሕጉ ዓይን ጠለፋ በሠርግ ካለቀ ወንጀል መሆኑ ይቀራል፤ ልክ በዘፈኑ ውስጥ መከታተል በእሺታ ካለቀ ታማኝነት እንደሚባለው። ያ አንቀጽ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1999 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ወጣት ለዓመታት ሲከታተላት በኖረ ሰው አሲድ ፊቷ ላይ ተደፋባት። ከተማው ደነገጠ፣ ሰልፍ ተወጣ፣ ጋዜጦች ጻፉ። ከጻፉት መካከል ሰውዬውን «አፍቃሪ» ብለው የጠሩት ነበሩ። አንድም ዘፈን ያንን ሰው አሲድ አላስያዘውም፤ ይህን ማለት ለዘፋኞቹ ግፍ ነው። ግን «አፍቃሪ» የሚለውን ቃል ጋዜጠኛው ከየት አመጣው? እምቢ የተባለ፣ ያልበላ፣ ያልተኛ፣ ያልለቀቀ ሰው ስሙ አፍቃሪ መሆኑን ማን ነገረው?

ወደ አዝማሪው እንመለስ። ደርግ በ1983 ሲወድቅ፣ ሰዓት እላፊውም ሲነሳ፣ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት በአዝማሪ ቤት ሆነ። ጠባብ ቤት፣ ዝቅተኛ በርጩማ፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ። ከኛ መካከል ዕድሜያቸው የደረሰው እነዚህን ቤቶች የመጨረሻ ዓመታታቸው ላይ ደርሰውባቸዋል። «ተቀበል!» እዚያ አልሞተም ነበር። ሚስቱ ዱባይ ሄዳ የቀረችበት ሰው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪዋ ከላከችለት ብር የተገዛውን ጫማውን አይታ ትመልስለታለች፤ ሰውዬው ጫማውን በርጩማው ሥር ለመደበቅ ሲሞክር ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ከነዚያ ቤቶች ስሙ በዓለም የታወቀው ፈንድቃ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ የፈንድቃ ቤትም አብሮ ፈረሰ።

ካሴት ቤቶቹማ ቀድመው ጠፍተዋል። አሁን ዘፈኑ ስልካችን ውስጥ ነው ያለው፣ በጆሮ ማዳመጫ። «ይደገም» የምትለዋ ምልክት ሁለት ክብ ቀስቶች ናት፤ አንዴ ከተነካች እኛ እንቅልፍ ወስዶን እንኳ እሷ አትተኛም።